አረፋ በውሃ ውስጥ እንዴት ይወጣል? አራት ኪሎ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ አካባቢ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከክፍል ወጥቼ ካፌ ስቀመጥ የማዝዘው አምቦ ውሃ ነው። ከመጠጣቴ በፊት ብርጭቆው ላይ የማፍጠጥ ልማድ ስላለኝ፣ አስተናጋጇ አንድ ቀን ዝንብ የገባበት መስሏት «ቲቸር፣ ልቀይርልህ?» አለችኝ። አረፋውን እያየሁ መሆኑን ስነግራት አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ በማግስቱ ሌላ ጨመረች። ተማሪዎቼ፣ ጎረቤቶቼና እናቴም የየራሳቸውን ጨመሩ። የተደጋገሙትን እዚህ መልሻቸዋለሁ።

አማርኛችን ነጠላዋንም የጋዝ ኳስ፣ ድራፍት ላይ የሚቆለለውንም ነጭ ነገር «አረፋ» ነው የሚለው። እዚህ «አረፋ» ስል ነጠላውን ነው፤ ነጩን ቁልል ስፈልግ «የአረፋ ክምር» እላለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አረፋ ወደ ላይ የሚወጣው ስለሚቀል ነው?

አዎ፣ ግን እንዲህ ሲባል ሥራውን የሚሠራው አረፋው ይመስላል። ሥራው የውሃው ነው። በጥምቀት ጃንሜዳ ግፊያ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ እግሩን ሳያነሳ ራሱን ሌላ ቦታ ያገኘዋል። ውሃ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ግፊቱም ስለሚጨምር፣ አረፋውን ከሥሩ የሚገፋው ውሃ ከአናቱ ከሚጫነው ይበረታል። ልዩነቱ አረፋው ቦታውን ከወሰደበት ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው፤ አርኪሜድስ ያለው ይህንኑ ነው።

ውስጡ ያለው ጋዝ ምንም ይሁን ምን ብዙ ለውጥ አያመጣም። አንድ ሊትር የአዲስ አበባ አየር አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ አንድ ሊትር ውሃ 1,000 ግራም ነው። የአምቦ ውሃ ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ ለውሃው ግን ሁለቱም ያው ባዶ ቦታ ናቸው።

ክፍል ውስጥ ስናገረው ተማሪ የማያምነኝ ነገር አለ። ከእጅ የተለቀቀ ጠጠር ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በ9.8 ሜትር በሴኮንድ ይጨምራል፤ ክብ አረፋ ግን በመነሻው ቅጽበት ፍጥነቱ የሚጨምረው በዚህ እጥፍ ነው። እንዴት? አረፋው ራሱ ክብደት የለውም፤ ለመንቀሳቀስ ግን በዙሪያው ያለውን ውሃ ማንቀሳቀስ አለበት፣ የዚህም ውሃ መጠን የአረፋው ይዘት ግማሽ ነው። የሚገፋው የሙሉ ይዘቱ ክብደት፣ የሚንቀሳቀሰው የግማሹ ክብደት፦ ስለዚህ እጥፍ። ይህ ግን ለቅጽበት ብቻ ነው፤ ወዲያው የውሃው መጎተት ይይዘውና ፍጥነቱ ይረጋል።

ከረጋ በኋላ ምን ያህል ይፈጥናል?

እንደ መጠኑ ነው። ግን «በተለቀ ቁጥር ይፈጥናል» ብሎ መጨረስ አይቻልም።

በጣም ለደቀቁት፣ ማለትም ከ0.1 ሚሊሜትር ለማይበልጡት፣ ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ በ1851 ያወጣው ሕግ ይሠራል። የሚገታቸው የውሃው ዝልግልግነት፣ ማለትም እንደ ማር ለመፍሰስ የማስቸገር ባሕርይው፣ ነው፤ ስፋታቸው እጥፍ ሲሆን ፍጥነታቸው አራት እጥፍ ይሆናል። 0.1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አረፋ በሴኮንድ 5 ሚሊሜትር ገደማ፣ የዚህ ግማሽ የሆነው 1.4 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣል። ጉንዳን ይቀድማቸዋል።

ወደ 2 ሚሊሜትር ሲደርስ ሌላ ዓለም ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1 ሴንቲሜትር ድረስ አረፋው አምስት እጥፍ ቢያድግም ፍጥነቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር በሴኮንድ አካባቢ ሙጭጭ ይላል። ሲያድግ የሚገፋው ኃይል ይጨምራል፤ ግን አብሮ ስለሚዘረጋ ውሃውን በሰፊ ገላው ይጋፈጣል፣ ያገኘውን እዚያው ይከፍላል።

ከዚህም ሲተልቅ አናቱ ክብ፣ ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ የጃንጥላ ቅርጽ ይይዛል። የዚህን ፍጥነት ዴቪስና ጂ. አይ. ቴይለር በ1950 አወጡት፦ የመሬት ስበትን በአናቱ ክበብ ሬዲየስ አባዙ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፣ ሁለት ሦስተኛውን ያዙ። የአናቱ ሬዲየስ 5 ሴንቲሜትር ከሆነ በሴኮንድ 47 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ቀመሩ ውስጥ ዝልግልግነት የለም፤ የፈሳሹ ዓይነትም የለም። እኔ ከአረፋ ቀመሮች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ቴይለር በዚያው ዓመት የ1945ቱን የመጀመሪያ የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ጉልበት ከፎቶግራፍ አስልቶ ያሳተመ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አረፋ ላይ ተቀምጦ መዋሉ ደስ ይለኛል።

ትንሹ ክብ የሚሆነው፣ ትልቁ የሚጠፈጠፈው ለምንድን ነው?

የውሃው ገጽ እንደ ተወጠረ ቆዳ ነው፤ ሁልጊዜ መሰብሰብ ይፈልጋል። አረፋው ባነሰ መጠን ይህ ውጥረት ይበረታበታል። ሬዲየሱ 0.01 ሚሊሜትር በሆነ አረፋ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በ14 ኪሎፓስካል ገደማ ይበልጣል፤ ይህም የአዲስ አበባ አየር ግፊት አንድ አምስተኛ ሊሆን ምንም አልቀረው። እንዲህ የተጨበጠን ነገር የሚያልፈው ውሃ አያጣምመውም። ትልቁ ላይ ግን ውጥረቱ ስለሚላላ ውሃው እንደፈለገ ያደርገዋል።

ቀጥ ብሎ ሲወጣ ቆይቶ ድንገት እንደ ሰከረ ሰው የሚወላገደው ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ከእናንተ በፊት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ጠይቆታል። ከ500 ዓመት በፊት በጻፈው ማስታወሻ ላይ፣ ዛሬ ቢል ጌትስ እጅ ባለው ደብተር፣ አረፋ ቀጥ ብሎ በመውጣት ፈንታ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ማየቱን አስፍሯል። መገረሙም ተገቢ ነው፤ ወደ ላይ ብቻ የሚገፋ ኃይል ባለበት ማን ወደ ጎን ወሰደው?

ለረጅም ጊዜ ሳይንቲስቶች ጣታቸውን የቀሰሩት አረፋው ከኋላው በሚተወው ሽክርክሪት ላይ ነበር። በ2023 መጀመሪያ የሴቪሉ ሚጌል ሄራዳና የብሪስቶሉ የንስ ኤገርስ በስሌት አሳዩ፤ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሬዲየሱ 0.926 ሚሊሜትር እስኪሆን ድረስ አረፋ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ካለፈ መወላገድ ይጀምራል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ አረፋው ትንሽ ሲያዘነብል አንደኛው ጎኑ ይበልጥ ይጎብጣል። በጎበጠው በኩል ውሃው ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ አረፋው ወደዚያ ይሳባል፣ ተስቦም ያልፈዋል። ከዚያ በሌላው ጎን እንደገና። ቅርጹና ውሃው እየተቀባበሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው።

በአምቦ ውሃ ብርጭቆ ይህን ለማየት አትልፉ፤ አረፋዎቹ ገጹ ላይ የሚደርሱት ገና ሳይተልቁ ነው። ረጅም ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ በስትሮ ከሥሩ አንድ አንድ እያላችሁ እፍ በሉ።

ቧንቧ ጠፍቶ ሲመጣ ውሃው እንደ ወተት ነጭ ይሆናል። መድኃኒት በዝቶበት ነው?

እናቴ ከእኔ ጋር ለዓመታት የተከራከረችበት ጥያቄ ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ያስላል፣ ከዚያ ነጭ ውሃ ይተፋል። እናቴ «ዛሬ ደግሞ መድኃኒቱን ገለበጡበት» ትላለች።

አንድ ቀን ብርጭቆ ቀድቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩና «እማዬ፣ ከየት እንደሚጠራ ብቻ እዪልኝ» አልኳት። መጀመሪያ ከታች፣ ከብርጭቆው ሥር፣ የጣት ውፍረት ያህል ጥርት አለ። የጠራው እየወፈረ፣ ነጩ እየሳሳ ወደ ላይ ወጣ፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆይቶ ሁሉም ጠራ። መድኃኒት፣ ኖራ ወይም አፈር ቢሆን ኖሮ ሊረጋ ይወርድ ነበር እንጂ አይወጣም። ከሥር ወደ ላይ የሚጠራ ነገር አረፋ ነው።

መስመሩ ባዶ ሆኖ ሲቆይ አየር ይገባበታል። ውሃው ሲመለስ ያንን አየር በግፊት ይዞት ይሄዳል፤ ከፊሉ ይሟሟል። ከቧንቧው አፍ ሲወጣ ግፊቱ በአንዴ ስለሚላቀቅ የሟሟው አየር በብዙ ሺህ ደቃቅ አረፋ ሆኖ ይወጣል። እያንዳንዱ አረፋ ብርሃን ይበትናል፤ በአንድ ላይ ሲሆኑ ወተት ይመስላሉ። ከላይ የተነገረውን የስቶክስ ሕግ አስታውሱና 12 ሴንቲሜትር ቁመት ላለው ብርጭቆ አስሉት፦ 0.1 ሚሊሜትር የሆኑት በ24 ሴኮንድ ገደማ ይወጣሉ፣ 0.05 የሆኑት አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጅባቸዋል። የእናቴ ብርጭቆ የጠራበት ጊዜ የአረፋዎቹን ስፋት ነገረን ማለት ነው፤ ያለ ማይክሮስኮፕ።

ከላይ ወደ ታች ከጠራ፣ ሥሩ ላይ ዝቃጭ ከተወ፣ ወይም ሳይጠራ ከቀረ ግን አረፋ አይደለም። ያን ጊዜ እናቴን ስሙ።

አምቦ ውሃ ውስጥ አረፋው ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ እየተነሳ እንደ ሰንሰለት የሚወጣው ለምንድን ነው?

ጠርሙሱ ሲከፈት ውሃው ከሚችለው በላይ ጋዝ ይዞ ይቀራል። ጋዙ መውጣት ይፈልጋል፤ ግን ከምንም ተነስቶ አረፋ መሆን በጣም ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ትንሹን አረፋ ያ የገጽ ውጥረት ወዲያው ይደፈጥጠዋል። ስለዚህ መጠጊያ ይፈልጋል። ብርጭቆው ከተጠረገበት ጨርቅ የቀረ ክር፣ ወይም ጭረት ውስጥ የተደበቀ ቅንጣት አየር ካለ ጋዙ እየተጠራቀመ እዚያ ያድጋል፤ ሲበቃው ይላቀቃል፣ ሥሩ እዚያው ይቀርና ሌላውን ያሳድጋል። በደንብ ታጥቦ አየር ላይ የደረቀ ብርጭቆ ውስጥ ሰንሰለቱ ጥቂት ነው፤ በፎጣ የተወለወለው ይበዛበታል።

አሁን ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ሥሩ ላይ አረፋዎቹ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተጠጋግተዋል፤ ወደ ላይ ሲወጡ እየተራራቁ፣ እየተለቁም ይሄዳሉ። የሚላቀቁበት ጊዜ እኩል ነው፤ የተራራቁት ፍጥነታቸው እየጨመረ ስለሆነ ነው። ፍጥነታቸው የጨመረው ደግሞ ስለተለቁ ነው።

ለምን ተለቁ ሲባል ብዙ ሰው «ወደ ላይ ሲወጣ የውሃው ጫና ስለሚቀንስ» ይላል። እናስላው። በ12 ሴንቲሜትር ጥልቀት ውሃው የሚጨምረው ግፊት 1.2 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ የከተማችን የአየር ግፊት 76 ገደማ። ይህ የአረፋውን ስፋት የሚለውጠው በግማሽ ፐርሰንት ነው፤ ዓይን አያየውም። እውነተኛው ምክንያት በመንገዱ ላይ ከዙሪያው ውሃ ጋዝ እየሰበሰበ መሄዱ ነው። ሲሄድ ያድጋል፣ ሲያድግ ይፈጥናል።

ድራፍት ውስጥ ያለው አረፋ ለምን ይዘገያል? ክምሩስ ለምን ቶሎ አይጠፋም?

የሁለቱም መልስ አንድ ነው። ቢራ ውስጥ ከገብሱ የመጡ ፕሮቲኖች አሉ፤ ገጽ ላይ መለጠፍ ይወዳሉ። አረፋው ሲወጣ የሚያልፈው ውሃ እነዚህን ከአናቱ ጠርጎ ወደ ሥሩ ይሰበስባቸዋል። በተሰበሰቡበት የገጹ ውጥረት ይላላል፤ ከላይ ግን እንደተወጠረ ነው። የተወጠረው የላላውን ወደ ላይ ስለሚስብ የአረፋው ቆዳ ከውሃው ጋር መንሸራተቱን ያቆማል፤ ድርቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ውሃው የሚያልፈው በጠጣር ኳስ ላይ እንደሚያልፈው ነው። ይህን በ1947 ያብራሩት ሶቪዬታውያኑ አሌክሳንደር ፍሩምኪንና ቬንያሚን ሌቪች ናቸው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። 1 ሚሊሜትር የሆነ አረፋ እጅግ በተጣራ ውሃ ውስጥ በሴኮንድ 25 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣል፤ ጥቂት ቆሻሻ ያለበት ውሃ ውስጥ 11 ገደማ። የቧንቧ ውሃም «ቆሻሻ» የሚባለው ወገን ነው፤ ጣት ከነካው በቂ ነው። በቤተ ሙከራ የተለካውን ቁጥር ቤታችሁ አላገኝ ካላችሁ መልሱ ይኸው ነው።

ክምሩንም የሚያቆዩት እነዚያው ፕሮቲኖች ናቸው፤ በአረፋና በአረፋ መካከል ያለው ስስ ውሃ ቶሎ እንዳይፈስ ይይዙታል። አምቦ ውሃ ይህ ስለሌለው አረፋው ገጹ ላይ እንደደረሰ ይፈነዳል። ጥብስ እየበላችሁ ድራፍት ስትጠጡ ክምሩ የሚሟሽሸው ደግሞ የከንፈራችሁ ቅባት ስለሚያፈርሰው ነው።

ጀሪካን ሲገለበጥ «ቧ፣ ቧ» እያለ የሚቀዳው ለምንድን ነው?

ውሃው እንዲወጣ አየር መግባት አለበት፤ በር ግን አንድ ብቻ ነው። እንደ ሚኒባስ ታክሲ በር ነው፦ ወራጅ ሳይወርድ ተሳፋሪ አይገባም። ትንሽ ውሃ ይወጣል፣ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ አየር በአረፋ መልክ ዘልሎ ይገባል፣ «ቧ»። ጀሪካኑ የሚቀዳበትን ፍጥነት የሚወስነው አረፋው በአፉ በኩል የሚወጣበት ፍጥነት ነው፤ ይህም በአፉ ስፋት ብቻ የሚታወቅ ነው። አፉ 4 ሴንቲሜትር ቢሆን አረፋው በሴኮንድ 22 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የሃይላንዱ 2 ሴንቲሜትር ቢሆን 15 ገደማ። የአረፋው ርዝመት ምንም አይለውጥም፤ አጭርም ረጅምም እኩል ይወጣሉ።

ለዚህ ነው ጀሪካን አጋድሞ የሚቀዳ ሰው የሚቀድመው፤ አፉ ግማሽ ለውሃ፣ ግማሽ ለአየር ይከፈላል። ሃይላንድ ከሆነ ገልብጣችሁ ሽክርክር አድርጉት፤ ውሃው ዳር ዳሩን ይዞ ሲዞር መሃሉ ለአየር ይከፈታል።

የግሉኮስ ቱቦ ውስጥ ያለ አረፋ ለምን ተጣብቆ ይቀራል?

ታማሚ አስታሞ የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይቷል። እኔም አንድ ሌሊት አልጋ አጠገብ ተቀምጬ፣ ክላምፑ ተዘግቶ ሳለ ቱቦው ውስጥ የቆመ አረፋ ሳይ አደርኩ። ቱቦው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አረፋው ቀላል ነው፣ ግን ንቅንቅ የለም።

በ1961 ፍራንሲስ ብሬዘርተን እንዳሳየው፣ የተዘጋ ቱቦ ስፋት ከተወሰነ ልክ ሲያንስ የገጹ ውጥረት ስበትን ያሸንፋል። አረፋው እንዲወጣ ከላዩ ያለው ውሃ በጎኑ ሾልኮ መውረድ አለበት፤ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ግን አረፋው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ መንገድ ይዘጋል። ለውሃ ይህ ልክ 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የግሉኮስ ቱቦ ከዚያ ይጠባል። በ2019 በስዊዘርላንዷ ሎዛን በጥንቃቄ ሲለካ ግን አረፋው ጨርሶ እንዳልቆመ ታወቀ፤ ዓይን በማይለየው ዝግታ፣ እጅግ በሳሳ የውሃ ሽፋን እየተንሸራተተ ይወጣል። ያን ሌሊት ይህን አላውቅም ነበር። በበሽተኛ ቱቦ ውስጥ ስላለ አየር የጤናውን ጥያቄ ግን ነርሷን ጠይቁ፤ እኔ የማውቀው ፊዚክሱን ነው።

ሽሮ ሲንተከተክ ለምን ይፈናጠራል? እንጀራስ ዓይን የሚያወጣው እንዴት ነው?

ሁለቱም አረፋ በወፍራም ነገር ውስጥ ሲወጣ የሚሆነው ነው። ውሃ ሲፈላ ሙቀቱ በራሱ ይዘዋወራል። ሽሮ ሲወፍር ግን መዘዋወሩ ይቆማል፤ የድስቱ ሥር ብቻውን ይግላል፣ እንፋሎቱ እዚያ ታፍኖ ይጠራቀማል። ትንንሽ አረፋ ወፍራሙን ሽሮ መሰንጠቅ ስለማይችል ይጠብቃል፣ ይተባበራል፣ ትልቅ ሲሆን በአንዴ ይነሳል። ላዩን ጉልላት አስመስሎ ያነሳዋል፣ ጉልላቱ ቀስ እያለ ይሳሳል፣ ከዚያ «ጧ»፣ እጃችሁ ላይ። ማማሰል የሚረዳው ሙቀቱን ስለሚያዘዋውርና አረፋዎቹ ሳይተባበሩ ስለሚበትናቸው ነው።

እንጀራ ደግሞ ይህንኑ በብልሃት የሚጠቀም ሥራ ነው። ሊጡ ኩፍ ሲል እርሾው የሠራው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውስጡ አለ። የጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ ጋዙ ይሰፋል፣ እንፋሎት ይጨመርበታል፣ አረፋዎቹ ከሥር ተነስተው ስሱን ሊጥ በስተው ላዩ ላይ ይፈነዳሉ። በዚያችው ቅጽበት ሊጡ ስለሚበስል ቀዳዳው አይደፈንም፤ ዓይን ሆኖ ይቀራል። ነገሩ የእሽቅድምድም ነው፦ አረፋው ከመውጣቱ በፊት ሊጡ ከበሰለ ዓይኑ ይደፈናል፤ አረፋው ወጥቶ ሊጡ ገና ፈሳሽ ከሆነ ቀዳዳው መልሶ ይገጥማል። ሴቶቹ በእጃቸው የሚያውቁት የሊጥ ውፍረትና የምጣድ ግለት ይህንን እሽቅድምድም ማስተካከያ ነው። አብሲቱም የገባው ለዚሁ ነው፤ ተቀቅሎ ሲመለስ ሊጡን ያያይዘዋል፣ ጋዙን ይይዝለታል። ጎረቤታችን ወይዘሮ ይህን ሳስረዳቸው «ይሄን ለማወቅ ነው ይህን ያህል ዓመት የተማርከው?» ብለውኛል።

ጀበና ለምን ድንገት ይገነፍላል?

አንገቱ ጠባብ ስለሆነ። ቡናው ሲፈላ አንገቱ በአረፋና በቡና ድብልቅ ይሞላል፤ ድብልቁ ከንጹሕ ቡና ስለሚቀል፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ከባዱ ቡና ወደ ላይ ይገፋዋል። የጉድጓድ ውሃን አየር በመንፋት የሚያወጣ ፓምፕ በዚሁ ሐሳብ ነው የሚሠራው።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ መሆኗ በአረፋ ላይ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፈን ስለምንኖር የአየር ግፊታችን የጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለስላሳ መጠጥ ጅቡቲና እዚህ እኩል ቀዝቅዞ ቢከፈት፣ እዚህ ብዙ ጋዝ ይለቃል፤ ተመልሶ የሚጫነው አየር ያንሳል። አረፋ ከጥልቅ ውሃ ሲወጣ ይዘቱ እጥፍ እንዲሆን ጠረፍ ላይ ከ10 ሜትር ገደማ መነሳት አለበት፤ እኛ ጋ ከ8 ሜትር ያነሰ ይበቃዋል።

የምወደው ግን የድምፁ ነው። ውሃ ሲቀዳ የሚሰማው ድምፅ በአብዛኛው የአረፋ ድምፅ ነው፤ ማርሴል ሚናርት በ1933 እንዳሳየው እያንዳንዱ አረፋ ሲፈጠር እንደ ደወል ይርገበገባል። 2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠረፍ ላይ በሴኮንድ 3,300 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ግፊቱ ሲቀንስ ጋዙ ስለሚላላ ያው አረፋ እዚህ 2,800 ገደማ ነው። በፒያኖ ቢለካ ሁለት ተኩል ቁልፍ ያህል ይወፍራል።

አምቦ ውሃ ስጠጣ አፍንጫዬን የሚነካኝ ምንድን ነው?

የፈነዳ አረፋ። ገጹ ላይ ሲሰነጠቅ ጉድጓዱን ሊሞላ ከዙሪያው የሚሮጠው ውሃ መሃል ላይ ይጋጭና ቀጭን ዘንግ ሆኖ ወደ ላይ ይተኮሳል፤ ጫፉ እየተበጠሰ ጠብታ ይሆናል። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ከጎን እዩት፤ ከገጹ ላይ ደቃቅ ካፊያ ሲዘል ይታያል።

ልጄ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ሥራ አላት። በቤት የሚሠራ ነገር አለ?

አለ። ሦስት እኩል ሃይላንድ አምጡ፤ ሁሉም ቀጥ ያሉ፣ ጌጥ የሌላቸው ቢሆኑ ይሻላል። አንዱን ውሃ፣ አንዱን የምግብ ዘይት፣ አንዱን ወፍራም ማር ሙሉበት፤ ከላይ የአውራ ጣት ስፋት ያህል አየር ተዉ፣ ክዳኑን አጥብቁ። ሦስቱንም ገልብጣችሁ በስልክ ቅረጹ፤ ስልኩ ቀስ አድርጎ የማሳየት ችሎታ ካለው ለውሃውና ለዘይቱ ያስፈልጋችኋል። ለማሩ አያስፈልግም፤ እዚያ ውስጥ ትንሽ አረፋ የምትወጣው በሴኮንድ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፣ በማስመሪያና በግድግዳ ሰዓት ይለካል። ከጠርሙሶቹ ኋላ ጥቁር ነጠላ ወይም ጨርቅ ስቀሉ፤ አረፋው ደምቆ ይታያል። ውሃው ውስጥ ደግሞ መጨረሻ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምራችሁ ሳታናውጡ ድገሙት፣ ደቃቃዎቹን ብቻ ለኩ። ማሩን ያበደረቻችሁ አያት ካለች፣ ከለካችሁ በኋላ ለሻይ ይሆናል።